የሃጃን ቶብ የለበሰው ጋሪ

በሳምንት ስድስት ቀን ስሜ «ያ ቢት» ነበር። «አንቺ ልጅ» እንደማለት ነው። ክፋት የለበትም። ካርቱም ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የምትጠራው፤ እንደኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለቴ አግብታ ሁለቴ ብትፈታም ያው ልጅ ናት። «ያ ቢት» ሲሉኝ በዓረብኛቸው «ነዓም» እላለሁ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ ቀኑ ይመሻል። አርብ አርብ ግን በጠዋት ተነስቼ በሃፍላ፣ በዚያ ወንበሩ ሁሉ በተቀዳደደ የከተማ አውቶቡስ፣ ጀሪፍ ወደሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ አራት የወሎ ሴቶች በጋራ የተከራዩት ክፍል አለ። ገና በሩን ሳልፍ በስሜ ይጠሩኛል፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። ስሜን ጠርተው ሽንኩርት ላጪ ይሉኛል፣ ስሜን ጠርተው ፀጉሬን ሥሪኝ ይሉኛል። ቢሆንም ስሜ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ክት ልብስ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ስም።

ይህን ሁሉ የምለው አርቤን ማን እንደቀማኝ እንድታውቁልኝ ነው። የቀማኝ ጎልፍ ነው።

ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትልቁ ጭንቀታችን «መብራት ዛሬ ስንት ሰዓት ይጠፋል» የሚል የነበረበት ጊዜ። የምሠራው ለሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበር። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ሃጅ የባቡር መሐንዲስ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሃጃ ደግሞ የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል ይባላል እንጂ እኔ አላየሁም። ጠዋት ሳሎን መሃል ቆመው እኔንና ሃጅን ሲያዩን፣ ሁለታችንም ሳናውቀው ጥፍራችንን እንደብቅ ነበር።

ሃጅ አንድ ሱስ ነበረባቸው። አርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሰላት በፊት፣ በሶባ መንገድ ወጥተው ጎልፍ ይጫወታሉ። ጎልፍ በቴሌቪዥን አይታችሁ ከሆነ እሱን እርሱት፤ እሱ ሳር አለው። ይሄኛው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው፤ አሸዋ ያልሆነው እሾህ ነው። ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ዙሪያውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ አሸዋ ክብ ሆኖ ተደልድሏል፤ ኳስ እንዲንከባለልበት። ያንን ክብ «ዘይቱ» ይሉታል። ሰው በረገጠው ቁጥር ዱካው እንዲጠፋ ቁራጭ ምንጣፍ ይጎተትበታል። ከአሸዋ ላይ ኳስ መምታት ስለማይመች ደግሞ ተጫዋቹ ሁሉ የእግር መጥረጊያ የሚያህል አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳር ይዞ ይዞራል። ኳሱ የወደቀበት ሄዶ ሳሩን ያነጥፋል፣ ኳሱን ላዩ ላይ ያስቀምጣል፣ ይመታል፣ ሳሩን ጠቅልሎ መንገዱን ይቀጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሰዎቹ ታመዋል ብዬ ነበር።

የሃጅን የጎልፍ ዱላዎች ቦርሳ ለብዙ ዓመት የተሸከመላቸው ሰውዬ፣ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰምቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሃጅ ራሳቸው ተሸከሙ። በሁለተኛው አርብ ኳስ ሊያነሱ ጎንበስ አሉና እዚያው ቀሩ። የጨዋታ ባልንጀራቸው የጥርስ ሐኪም የነበሩ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ቤት «ዶክቶር» ነው የሚባሉት። ሃጅን እንደታጠፉ መኪና ውስጥ ከትተው አመጧቸው። እኔና ዶክቶር ግራና ቀኝ ይዘን ስናስገባቸው ዓይናቸው የሚያየው የወለሉን ሰድር ብቻ ነበር።

ሃጃ የታጠፈውን ባላቸውን አንድ ጊዜ ዞረው አዩ። ከዚያ ፈረዱ።

«ኸላስ፣ በቃ። ይሄ ቦርሳ ከዛሬ በኋላ ጀርባህ ላይ አይወጣም። ከወጣ እሸጠዋለሁ፤ ዱላዎቹን አንድ በአንድ።»

ሃጅ ወለሉን እያዩ፣ «ልጃችን ከዱባይ ትሮሊ እልካለሁ ብሏል» አሉ። «የጎልፍ ጋሪ ነው። ቦርሳው ላዩ ላይ ይታሰራል፣ በእጅ መጎተት ብቻ።»

«ጋሪው እስኪመጣስ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ሃጅ እንኳ፣ ወገባቸው እንደዚያ ሆኖ፣ ለዚህ ለዚህ ዞሩ።

«ያ ቢት» አሉኝ ሃጃ፣ «ጋሪው እስኪመጣ አርብ አርብ ከሃጅ ጋር ትሄጃለሽ። የመጣ ቀን አርብሽ ያንቺ ነው።»

«አርብ እኮ ጀሪፍ...»

«ኢንሻላህ ቶሎ ይመጣል።»

ኢንሻላህ ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። አርቤ እንዲህ ሆኖ ሄደ።

ቦርሳው ከነዱላው የሦስት ዓመት ልጅ ያህል ይከብዳል። ወንዶቹ በአንድ ትከሻቸው ነው የሚያንጠለጥሉት። እኔ በአንድ ትከሻ የሚያዝ ሸክም አላውቅም፤ እኛ አገር የከበደ ነገር ይታዘላል። ስለዚህ ነጠላዬን አውጥቼ ቦርሳውን አዘልኩት፣ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ተመችቶኝ ነበር። የዱላዎቹ ራስ በትከሻዬ በኩል ብቅ ብቅ ብሎ ሜዳውን ያያል። ልማድ ሆኖብኝ በየመሃሉ ከስሩ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ እንዲተኛ። ዶክቶር ሲያዩኝ ጀርባቸውን ሰጡን፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ሃጅ «ኳሷን አንሺልኝ፣ እኔ መጎንበስ ተከልክያለሁ» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ዱላዎቹ በሙሉ በአናቴ ላይ አልፈው መሬት ወረዱ። አንዱ ጆሮዬን መታኝ፣ አንዱ የዶክቶርን ጫማ አገኘ። ልጅ ሲታዘል ልብስ ጨብጦ ይይዛል፤ ዱላ አይይዝም። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዱላዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ግን ከስር በኩል ስለተጻፈ በላብና በአሸዋ መሃል ፍለጋው አያልቅም። በራሴ መንገድ ለየኋቸው። ትልቅ ራስ ያለው፣ መጀመሪያ ላይ የሚመቱበት፣ ዘነዘና። ኳስ አሸዋ ውስጥ ስትቀበር የሚያወጡበት ጭልፋ። ቀጭንና ረጅሙ ማማሰያ። መጨረሻ ላይ ዘይቱ ላይ ኳሷን ገፋ የሚያደርጉበት መጥረጊያ። ሃጅ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ «ስፖርት እኮ ነው እንጂ ማድቤት አይደለም» አሉኝ። በሦስተኛው አርብ ግን ዓይናቸውን ከኳሷ ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው «ጭልፋዋን» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጀሪፍ የምደርሰው እንግዲህ ከጎልፍ ተመልሼ፣ የአርብ ምሳ አቅርቤ፣ ዕቃ አጥቤ፣ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ካለፈ በኋላ ሆነ። ያኔ ወጡም አልቋል፣ ወሬውም አልቋል። ከወሬው የተረፈውን ሲነግሩኝ መሃሉን ዘለው ነው፤ «ይሄን እንኳ ነግረንሻል» ይሉኛል። ማን ነግሮኝ? ዘነዘናው? አንዷ እያዛጋች ስሜን አንድ ጊዜ ትጠራኛለች፣ «አቤት» እላለሁ፣ ሃፍላ እንዳያመልጠኝ ጫማዬን አደርጋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለአንድ «አቤት» መሥራት ምን ያህል እንደሚያናድድ ያልደረሰበት አያውቀውም። ጋሪውን እንደ ሙሽራ እጠብቀው ጀመር።

ጋሪው መጣ። ሁለት ቀጫጭን ጎማ፣ የሚታጠፍ እጀታ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሳይቀር ነበረው። ሃጅ ሳሎን ውስጥ ገጣጠሙት፣ ቦርሳውን አሰሩበት፣ ገፋ አደረጉት። ድምፅ ሳያሰማ በሰድሩ ላይ ሄዶ ሶፋው ጋ ቆመ። ሃጃ በአንድ ጣታቸው ሳቡትና «ማሻላህ» አሉ። እኔም ሳብኩት። እውነቱን ለመናገር ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩበት።

«በቃ፣ አርብሽ ያንቺ ነው» አሉኝ ሃጃ።

«የነገውን ብቻ ትምጣ» አሉ ሃጅ። «አስተሳሰሩን ታውቀዋለች።»

የነገውን ብቻ ሄድኩ። ጋሪው ሜዳው ላይ ሦስት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ ገቡና ቆሙ። ሃጅ ሳቡ። ጎማው አይዞርም፤ መሬቱን ያርሳል። ወደኋላ ዞሬ ሳይ ሁለት የተጣራ ትልም አውጥቷል፣ ጤፍ መዝራት ብቻ ነው የቀረው። ለካ ጋሪው የተሠራው ለሳር ነው። የሜዳው ሳር በሙሉ ደግሞ እኔ ብብት ስር ተጠቅልሎ ነበር።

ዶክቶር አራት ዱላ ብቻ በእጃቸው ይዘው የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ትልሙን አዩ። «ያ ሃጅ፣ ልጅህ ማረሻ ነው የላከልህ» አሉ።

ሃጅ መሳባቸውን አልተዉም። «ሽዋያ ሽዋያ» ብቻ ይላሉ፤ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ቀስ በቀስ ጋሪው ጭራሽ ሰመጠ። ሁለተኛው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ወገባቸውን ያዙ። እኔ ቦርሳውን ፈትቼ አዘልኩት፣ ጋሪውን አጣጥፌ አናቴ ላይ ጫንኩት፣ ዘጠኙንም ጉድጓድ እንደዚያ ሆነን ዞርን። ድሮ የምሸከመው ሸክሙን ብቻ ነበር። አሁን ሸክም ማቅለያውንም ጨመሩልኝ።

ቤት ስንደርስ ሃጃ በር ላይ ቆመዋል። «ጋሪው እንዴት ነው?»

«ዘይ አል-ዐሰል» አሉ ሃጅ፤ እንደ ማር። «ወላሂ» ብለው እንዳልማሉ ግን ልብ ብያለሁ።

ሃጃ ወደኔ ዞሩ። አንድ ቃል ብተነፍስ ዱላዎቹ ይሸጣሉ፣ አርቤ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ያን ያህል ቀላል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሃጅ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸው ላይ ያለውን አሸዋ ያዩ ጀመር፤ ፈተና ወድቆ ቢሮ የተጠራ ተማሪ መሰሉ።

«ደህና ነው» አልኩ። «ብርጭቆ ማስቀመጫም አለው።»

«እንግዲያው አንቺ ነፃ ነሽ።»

«ለጥቂት ጊዜ ትምጣ፣ እጄ እስኪለምደው» አሉ ሃጅ ቶሎ ብለው።

በማግስቱ ሽንኩርት ስከትፍ ራሴን ስሳደብ ዋልኩ። አንቺ ሴትዮ፣ ማን ጠበቃ አደረገሽ? አፍሽ ለሰው ሲሆን ይከፈታል፣ ላንቺ ሲሆን ብርጭቆ ማስቀመጫ ያወራል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሃጅ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ጋዜጣ ይዘው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። አርብ ጠዋት በሶባ መንገድ ስንወጣ ግን መኪናው ውስጥ ያፏጫሉ። ዜማ የለውም፣ ያማል እንኳ፤ ግን ያፏጫሉ። ያንን ሰምቼ ዱላዎቹን ማሸጥ አልቻልኩም። እሳቸውም እንደኔ ያላቸው አርብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ነው። ጋሪውን ማስኬድ አለብኝ። ሃጅ ብቻቸውን መጎተት ከቻሉ እሳቸው ዱላቸው አይሸጥም፣ እኔ ጀሪፍ እሄዳለሁ።

መላው የመጣልኝ ከገበያ ስመለስ ነው። አንድ ሰውዬ የሐብሐብ ክምር በእጅ ጋሪ እየገፋ አሸዋ ለአሸዋ ይሄዳል፤ ያውም እየዘፈነ። ጎማውን አየሁት፤ ወፍራም ነው። ቀጭን ይሰምጣል፣ ወፍራም ይሄዳል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቤታችን ያለው መሐንዲስ አላወቀውም።

ለሃጅ ነገርኳቸው። ጋዜጣቸው ዳር ላይ በእርሳስ ጎማ ሣሉ፣ ቁጥር ጻፉ፣ ቁጥሩን አካፈሉ። «ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ከዱባይ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል።»

«ከዱባይ ምን ያደርግልናል? ማቶት እንሠራለታለን።»

ማቶት ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። እኛ አገር እንስራ የሚያርፍበት፣ ከጨርቅ ወይም ከገለባ ተጠምጥሞ የሚሠራ ወፍራም ክብ ነው። እንስራ ችሎ የያዘ ጋሪ አይከብደውም። ጨርቅ ደግሞ ነበረኝ፤ ሃጃ «ለመወልወያ ይሁንሽ» ብለው የሰጡኝ የአሮጌ ልብስ ጥቅል። ከላይ ያለው ቶብ ነው፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው የሚጠቀለሉበት ረጅም ልብስ። ወይን ጠጅ መልክ፣ ወርቃማ አበባ ያለበት። ጠንካራ ነው፣ እንደ ልብ ይጠመጠማል። የሠራሁት ስህተት ይሄ ነበር፤ ያኔ ግን ጎበዝነት መስሎኝ ነበር።

በዚያ አርብ ጋሪውን እንደ ልማዱ ተሸክሜ ከዋልኩ በኋላ፣ ሃጅ ምሳ እንደበሉ ተነሱና «ያ ቢትን ጀሪፍ ላድርሳት» አሉ። ሃጃ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋቸው። በስድስት ዓመት አንድም ቀን አድርሰውኝ አያውቁም። ጋሪው የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር።

አራቱ ሴቶች ጋሪውን ክፍሉ መሃል አስተኝተው ከበቡት። ምን እንደሆነ ስነግራቸው አንዷ «ለዱላ ጋሪ? ዱላ እኮ ለመደገፊያ ነው» አለች። ሌላዋ የብርጭቆ ማስቀመጫውን አይታ አገሩ እንዳበቃለት ተናገረች። ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ቶቡን በረጅሙ ቀደዱት፣ እንደ ሹሩባ ገመዱት፣ ጎማው ላይ ጠመጠሙት፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቀደደ ጎማ አሰሩት። ታላቃችን መርፌ ወርውራ ዙሪያውን ሰፋችው። ስሜን እየጠሩ ያዙኛል፤ ስሜ፣ አጥብቂው፣ ስሜ፣ መቀሱን፣ ስሜ፣ ዓይንሽ አያይም እንዴ። ወር ሙሉ የተጠራቀመብኝን «አቤት» በአንድ ቀን ከፈልኩት። ሃጅ ውጭ ኒም ዛፍ ስር መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነው። ሴቶቹ ወጥ በሳህን አውጥተው ሰጧቸው፤ በርበሬው አስለቀሳቸው፣ ሳህኑን ግን ባዶ አድርገው መለሱት።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «እነሱ የሚጠሩት ስም ያንቺ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኛ ጋ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድስት።»

መብራት ላይ ቆመን ነበር። አረንጓዴ በራ፤ አልተንቀሳቀሱም። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን እስኪያስጮህ ድረስ መሪውን እንደያዙ ነበሩ።

በሚቀጥለው አርብ ጋሪው ወፍራም ወይን ጠጅ ጎማ አድርጎ አሸዋው ላይ ወረደ። ዶክቶር «ሰርግ አለበት?» አሉ። ሃጅ እጀታውን ይዘው ሳቡ። ጋሪው ተከተላቸው። ሰመጠ ብዬ ስጠብቅ አልሰመጠም፤ እንደ ግመል ኮቴ አሸዋውን ደልደል እያደረገ ሄደ። ሃጅ ፍጥነት ጨመሩ። እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ቀረሁ። ባዶ እጅ ምን እንደሚደረግበት ጠፍቶብኝ አጨበጨብኩ።

አራተኛው ጉድጓድ ጋ ሃጅ ከሩቅ ዞረው ጠሩኝ። «ያ ቢት» አላሉም። ስሜን ጠሩ፤ ትንሽ አጣመሙት እንጂ ስሜ ነው። በዚያ ሁሉ አሸዋ መሃል፣ ጀሪፍ ያልሆነ ቦታ ላይ ስሜን ስሰማ ደንግጬ ቆምኩ። «አቤት» ማለቱን ረሳሁት።

«ነይ፣ ጎማውን እይልኝ» አሉ። ጎማው ምንም አልሆነም። እንዲሁ እንድመጣና እንዳየው ነው።

ዘጠነኛው ላይ ግን ደስታው ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ። ማንም ሰው ምንም ነገር ዘይቱ ላይ አያሳልፍም፤ ሃጅ ጋሪያቸውን እየሳቡ በመሃሉ ቀጥ ብለው ጉድጓዱ ላይ እስከተተከለው ባንዲራ አለፉ። ጎማው ያለፈበት ልክ ምንጣፍ እንደተጎተተበት ለስልሶ ቀረ። በመጥረጊያው ኳሷን ነካ አደረጉ፤ በለሰለሰው መንገድ ሄዳ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ዶክቶር ጮኹ። «ምንጣፍ መጎተት የተፈቀደ ነው» አሉ ሃጅ። «ይሄ ምንጣፍ ነው?» «ጨርቅ ነው፤ ምንጣፍም ጨርቅ ነው።» ክርክሩ መኪናው ድረስ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ዶክቶር ለሳቸውም ማቶት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ሃጅ ቤት እስክንደርስ አፏጩ።

ደስታቸው አላባራ ብሎ ጋሪውን ራሳቸው እየሳቡ ሳሎን አስገቡት። እኔ የሚቀጥለውን አርብ እያሰብኩ ነበር፤ በጠዋቱ ሃፍላ፣ ወጡ ሳያልቅ። ሃጃ ግን ወለሉን ነበር የሚያዩት። ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ ነጩ ሰድር ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ለካ ጎማው ዘይቱን ጠጥቶታል።

መስመሩን በዓይናቸው ተከትለው ጎማው ጋ ደረሱ። ተንበረከኩ። ጥቁሩን ጨርቅ በጥፍራቸው ገለጥ አደረጉት። ከስሩ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ አበባ።

«ይሄ ቶብ የኔ ነው።»

ሃጅ የጋሪውን እጀታ ለቀቁ።

«ጋሪው እንደ ማር ከሆነ» አሉ ሃጃ አሁንም ተንበርክከው፣ «ልብስ ለምን አስፈለገው?»

ምርመራው ከኔ ጀመረ። ርዕሰ መምህርት ደካማውን ያውቃሉ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ትልሙን፣ አናቴ ላይ የጫንኩትን፣ ማቶቱን፣ ጀሪፍን። ሃጅ መሃል ገብተው «እኔ ወላሂ አላልኩም» አሉ። ያ አልጠቀማቸውም። አርቤም ዱላውም አብረው ሄዱ አልኩ በልቤ። ከሁለቱ የትኛው እንደባሰብኝ ዛሬም አላውቅም።

ሃጃ ተነስተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ ማን ጎተተው?»

«እኔ» አሉ ሃጅ።

«ዘጠኙንም?»

«ዘጠኙንም።»

«ወገብህስ?»

ሃጅ ቀጥ ብለው ቆሙ። እውነትም ቀጥ ብለው ነበር። ሃጃ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«የሚመጣውን አርብ እኔ እሄዳለሁ። በዓይኔ አያለሁ። ጋሪው ከቆመ ዱላዎቹን እዚያው ሜዳው ላይ እሸጣቸዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ፣ «አንቺ ጀሪፍ ሂጂ።»

ሄድኩ። የመጀመሪያውን ሃፍላ ያዝኩ። ሴቶቹ ገና አልጋ ሳያነጥፉ ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ በስሜ ተጠራሁ፤ ሽንኩርት ላጥኩ፣ የአራቱንም ፀጉር ሠራሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ስሜ ትንሽ ቢቀንስ ብዬ እስክመኝ ድረስ። አፌ ግን ሌላ ወሬ እምቢ አለ። ሃጃ በዚያ ፀሐይ ውስጥ፣ ሃጅ በዚያ ጎማ። አጥብቀን ሰፍተነው ይሆን? ታላቃችን ሰለቻት። «አንቺ፣ ከአሸዋው ተመለሽ» አለችኝ። «እዚህ ነሽ ወይስ እዚያ?»

ማታ ስገባ ሃጃ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን የጨው ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጧል። ጋሪው አጠገባቸው ተኝቷል። ጭናቸው ላይ ሌላ ቶብ ዘርግተው በመቀስ ይቀድዱታል። ቦርሳው ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ ዱላዎቹን በዓይኔ ቆጠርኳቸው፤ አንድም አልጎደለም።

«ያን ቋጠሮ የቋጠረው ማን ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰባተኛው ላይ ተፈታ። እኔ ባልኖር ጋሪው እዚያው ይቀር ነበር። ሃጅ ጠማማ ነው የሚጎትተው፤ ስለዚህ እኔ ነኝ የጎተትኩት። ዶክቶርን አሸነፍነው። ከእንግዲህ አርብ የኔ ነው፣ አንቺን አንፈልግሽም።»

ሃጅ ከጋዜጣቸው ጀርባ ነበሩ። እያፏጩ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ያንኑ ዜማ የሌለው።

«ያ ቢት» አሉ ሃጃ ቀጥለው፣ «አሁን ነይና የትኛው ጭልፋ፣ የትኛው ማማሰያ እንደሆነ አሳዪኝ። ይሄ ሰውዬ በወጥ ቤት ቋንቋ ነው የሚያዘኝ።»

ፉጨቱ ቆመ። ሃጅ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ ስሜን ጠሩ። ስሜን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ፣ ደብተር ላይ እርማት እንደሚጻፍ።

ሃጃ መቀሱን አስቀመጡ። ጋዜጣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ስሜን ሞከሩት፤ መሃሉ ላይ ተሰበረባቸው። ደገሙት፤ ጎን ለጎን አለፈ። እግራቸውን ከሳፋው አውጥተው፣ ተስተካክለው ተቀምጠው፣ ዓይኔን እያዩ እንደገና ጠሩኝ። በሦስተኛው ምት ገባ።

«ነዓም» ማለት ነበረብኝ። «አቤት» አልኩ።